ዲግ አዲሱን አይፒ ይሰጠኛል፣ ጌትዌዩ ግን አሮጌውን ሙጥኝ ብሏል

ሌሊት_ፈረቃ · ሰኞ፣ ጠዋት 3:20

ሰላም ቤተሰብ። ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እስኪ አይታችሁ ገላግሉኝ።

ወደ አስር የሚጠጉ ሰርቪሶች አሉን። አብዛኞቹ ኩበርኔትስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች፣ ማለትም በክላስተር ላይ የሚያስኬድ ሲስተም) ላይ ናቸው፣ ፍራንክፈርት ባለው የአማዞን ክላውድ። የሂሳብ ሰርቪሱ ግን ከክላስተሩ ውጪ በራሱ ማሽን ላይ ነው ያለው። ሌሎቹ የሚያገኙት በስም ነው። ራውት 53 (የአማዞን ዲኤንኤስ፣ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው) ላይ የግል ዞን ፈጥረን «ሂሳብ.ቢሮ.ኢንተርናል» የሚል ኤ ሪከርድ (ስምን ከአይፒ የሚያያይዝ መስመር) አስገብተናል።

ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ 8 ሰዓት ላይ ሰርቪሱን ወደ አዲስ ማሽን አዛወርነው። ሪከርዱን ከ10.0.4.17 ወደ 10.0.9.31 ቀየርኩት። ቲቲኤሉ (መልሱን የሰማ ስንት ሰከንድ ይዞት እንደሚቆይ የሚወስነው) 3600 ነበር፣ በዚያው እጄ ወደ 60 አወረድኩት። ሎጉ ላይ ለውጡ 23:00 ተብሎ ተመዝግቧል።

ላፕቶፔ ላይ በቪፒኤን ሆኜ ዲግ (ዲኤንኤስን መጠየቂያ ትዕዛዝ) ስል አዲሱን ይሰጠኛል። ፖድ (ኩበርኔትስ ፕሮግራሙን የሚያስኬድበት ሳጥን) ውስጥ ገብቼ ዲግ ስል አዲሱን ይሰጠኛል። አሮጌው ማሽን ላይ ግን ጥያቄ እንደ ጉድ ይጎርፋል፣ ዛሬም ሰኞ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከጌትዌያችን (ጥያቄ ተቀብሎ ለሰርቪሶቹ ከሚያቀብለው) ነው። ማሽኑን እንዳላጠፋው ፈራሁ።

ሌላም አለ። በዚያው ሌሊት «ሂሳብ-ንባብ.ቢሮ.ኢንተርናል» የሚል አዲስ ስም ፈጠርኩ። ሪከርዱ በዓይኔ እየታየኝ ፖዱ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» እያለ ሩብ ሰዓት አደረቀኝ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ሰራ። ራሱ ታሞ ራሱ ዳነ። ይሄስ ምንድነው?

ቡና_በኋላ · ሰኞ፣ 3:31

ወንድሜ፣ ሪስታርት አድርገው። ካልሰራ ቡናህን ጠጣና ድጋሚ ሪስታርት አድርገው። ቀልዴን ነው። ግማሹ ቀልዴን ነው።

ዜሮ_ዳውንታይም · ሰኞ፣ 3:44

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ እዚህ ሌሊት ነው፣ ስለዚህ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። 8 ሰዓት ብለሃል፣ ሎጉ ደግሞ 23:00 ይላል። የትኛው ነው ትክክሉ?

እና ጌትዌዩ ምንድነው? መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳው? ፖድ ውስጥ ዲግ ስትል ከአይፒው ፊት ለፊት ያለችውን ቁጥር (ቀሪውን ቲቲኤል) አይተሃታል? ደጋግመህ ስትጠይቅ ትወርዳለች ወይስ ባለችበት ትቆማለች? ይህችን ቁጥር ብዙ ሰው አያያትም፣ ግማሹ መልስ ግን እዚያ ነው ያለው።

ሌሊት_ፈረቃ · ሰኞ፣ 4:02

አንደኛ፣ እህቴ በሉኝ።

ሁለተኛ፣ 8 ሰዓት በኛ ነው፣ ሎጉ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አሜሪካ ብዙ ስትቆይ ረሳኸው እንዴ?

ጌትዌዩ ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሰርቨር ነው። አሁን አየሁት፣ ከተነሳ 41 ቀኑ። ኮንፊጉ ላይ «ፕሮክሲ ፓስ» (ጥያቄውን ለዚህ አቀብል) ብሎ ስሙን ጽፎታል፣ አይፒ አይደለም። ስለዚህ ስሙን ተከትሎ መሄድ አልነበረበትም?

ቁጥሯን ሞከርኳት። 22፣ 19፣ 14 እያለች ትወርድና ወደ 30 ትመለሳለች። እኔ ግን 60 ነው ያልኩት። 30 ከየት መጣ?

ጋሽ_ሞደም · ሰኞ፣ 4:40

እህቴ ይቅርታ፣ እኔም ወንድ መስለሽኝ ልጀምር ነበር።

ከኤንጂንኤክሱ እንጀምር። ስሙን ይጠይቃል፣ ግን የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ነው። ሲነሳ ወይም ሪሎድ ሲደረግ። ያኔ ያገኘውን አይፒ ይዞ ይቀመጣል፤ ቲቲኤል 60 በይው 5 በይው ጉዳዩ አይደለም። ያንቺው ከ41 ቀን በፊት ጠይቆ 10.0.4.17 ተብሎ ተነግሮታል። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቀም። ሪከርድሽ ትክክል ነው፣ ዲግም አልዋሸም። ጌትዌዩ ወሬውን አልሰማም፣ ይኸው ነው።

አሁኑኑ ሪሎድ አድርጊው። ሪስታርት አያስፈልግም፣ ሪሎድ የተከፈተ ግንኙነት ሳይቆርጥ ያልፋል። ሰርቪሱ ወዲያው ወደ አዲሱ ይዞራል።

ለዘለቄታው ግን ሁለት መንገድ አለ። የቆየው መንገድ ስሙን በተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጦ «ፕሮክሲ ፓስ» ላይ ተለዋዋጩን መጻፍ ነው፣ ከላዩ «ሪዞልቨር» የሚለውን መመሪያ (ስሙን የትኛውን ዲኤንኤስ እንደሚጠይቅ የሚነግረውን) ጨምሮ። ያኔ ቲቲኤሉ ባለቀ ቁጥር እንደገና ይጠይቃል። ሦስት ወጥመድ አለው። ሪዞልቨሩ የሪዞልቭ ኮንፍን (የማሽኑን የዲኤንኤስ ኮንፊግ ፋይል) ቅጥያዎች አያነብም፤ የክላስተሩን ሰርቪስ በአጭር ስም ከጠራሽው አያገኘውም፣ ሙሉ ስሙን እስከ «ኤስቪሲ.ክላስተር.ሎካል» ድረስ መጻፍ አለብሽ። የሪዞልቨሩም አይፒ የክላስተርሽ የዲኤንኤስ ሰርቪስ አይፒ ይሁን። እና ከስሙ ኋላ መንገድ ካለ፣ ተለዋዋጭ ስትጠቀሚ መንገዱን እንደ ድሮው አይቀይርልሽም፣ እንዳለ ነው የሚልከው። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ከሰዓት 404 ሳሳድድ ውያለሁ።

አዲሱ መንገድ ይቀላል። «አፕስትሪም» (የኋላ ሰርቨሮች ዝርዝር) ውስጥ ሰርቨሩ አጠገብ «ሪዞልቭ» የሚል ቃል ይጨመራል። ድሮ ይሄ የሚከፈልበት እትም ላይ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በወጣው 1.27.3 ወደ ነፃው ገባ። «ዞን» የሚለውንም መስመር አትርሺ፣ ያለሱ አይነሳም።

30 ከየት መጣ ላልሽው፣ ከኮርዲኤንኤስ፣ ከክላስተሩ የዲኤንኤስ ሰርቨር ነው። የተለመደው ኮርፋይል (ኮንፊጉ) ውስጥ «ካሽ 30» የሚል መስመር አለ። ማንኛውንም መልስ ከ30 ሰከንድ በላይ አልይዝም ማለቱ ነው። ዞንሽ 60 ቢልም፣ 3600 ቢልም ለፖዶቹ የሚታያቸው ጣሪያ 30 ነው። ግን አትታለዪ። ከኮርዲኤንኤስ ጀርባ የቪፒሲው (አማዞን ላይ ያለው የግል ኔትወርካችሁ) ሪዞልቨር አለ፣ እሱ የራሱን ይይዛል።

ቲቲኤሉን በዚያው እጅሽ ማውረድሽ ደግሞ የምትስቂበት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከለውጡ አንድ ደቂቃ በፊት የጠየቀ ሰው 3600 የሚል መልስ ይዞ ሄዷል። 59 ደቂቃ ይቀረዋል። አንቺ አሁን 60 ብትይ እሱ በምን ይሰማሻል? ቲቲኤል የሚወርደው ከለውጡ በፊት ነው፣ ቢያንስ የአሮጌውን ቲቲኤል ያህል ጊዜ ቀድሞ። ቅዳሜ ከሰዓት 60 ብታደርጊው ኖሮ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ 3600ን የሚያስታውስ አይኖርም ነበር።

ሌሊት_ፈረቃ · ሰኞ፣ 4:52

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሪሎድ አደረግኩት፣ የጌትዌዩ ጥያቄ ከአሮጌው ማሽን ጠፋ። በሁለት ሰከንድ! ሁለት ቀን የተቸገርኩት ለዚህ ነው?

ግን ሙሉ በሙሉ አልደረቀም። አሁንም ጠብ ጠብ የሚል አለ። አንዱ የጃቫው የክፍያ ሰርቪስ ነው፣ እሱን ገና ነው ያወቅኩት። ሌላው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።

ሦስት_ኩባያ_ጃቫ · ሰኞ፣ 5:15

ስለ ጃቫው እኔ ልናገር፣ እንጀራዬ ነው።

ሰው ሁሉ «ጃቫ ዲኤንኤስን ለዘላለም ይይዛል» ይላል። እንዲያ የሚሆነው በድሮዎቹ የጃቫ እትሞች ሴኩሪቲ ማናጀር (የፕሮግራሙን ፈቃድ የሚገድበው ክፍል) ሲበራ ነው። ካልበራ 30 ሰከንድ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከመሬት ተነስተሽ ጃቫን አትውቀሺ። ግን የሴኩሪቲ ፋይሉ ላይ «ኔትወርክ አድሬስ ካሽ ቲቲኤል» የሚለውን ሰው ነክቶት እንደሆነ እዪ። እኛ ቤት አንዱ ቀነስ አንድ (-1) አድርጎት ነበር፣ ያ ማለት ለዘላለም ነው።

እኔ ግን የምጠረጥረው የኮኔክሽን ፑሉን (ተከፍተው የሚቀመጡትን ግንኙነቶች) ነው። ስም የሚጠየቀው አዲስ ግንኙነት ሲከፈት ብቻ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ስልክ ላይ እያወራሽ ቁጥሩን ቢቀይር ጥሪው አይቋረጥም። ፑሉም እንደዚያ ነው። የከፈተውን መስመር ይዞ ከአሮጌው ማሽን ጋር ያወራል፣ ማሽኑ እስካልሞተ ድረስ ምን ገዶት። ፑሉ ሂካሪ የሚባለው ከሆነ የአንድ ግንኙነት ዕድሜ ካልነካሽው 30 ደቂቃ ነው። ዜሮ ካደረጋችሁት ግን ወሰን የለውም። እስኪ ኮንፊጉን አይተሽ ንገሪን።

ሌሊት_ፈረቃ · ሰኞ፣ 5:24

ዜሮ። ዜሮ ነው።

ሦስት_ኩባያ_ጃቫ · ሰኞ፣ 5:25

😂 5 ደቂቃ አድርጊው።

ዜሮ_ዳውንታይም · ሰኞ፣ 5:40

ያንን «ራሱ ታሞ ራሱ ዳነ» ያልሽውን ልመልስ፣ ማንም አልነካውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፖዱን ያስነሳሽው ሪከርዱን ከመፍጠርሽ በፊት ነው አይደል? ስሙን መጀመሪያ የጠየቀው ስሙ ሳይኖር ነው። «የለም» የሚል መልስ ተሰጠው። «የለም» ደግሞ እንደ «አለ» ሁሉ ካሽ ይደረጋል።

ልጅን ሱቅ ልከሽው «ዳቦ አልመጣም» ብሎ ተመለሰ እንበል። ዳቦው ከኋላው በደቂቃ ልዩነት ደረሰ። ቤት ለገባው እንግዳ ሁሉ ግን ልጁ «ዳቦ የለም» እያለ ይነግራል። ተመልሶ እስኪሄድ ድረስ።

ልጁ የሚቆየው ምን ያህል ነው? ዞኑ ላይ ያለው የኤስኦኤ ሪከርድ (የዞኑን መረጃ የያዘው መስመር) ይወስነዋል። የኤስኦኤው የራሱ ቲቲኤል አለ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሚኒመም» የሚባል ቁጥር አለ። ከሁለቱ ያነሰው ይያዛል። ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለ ነው። ራውት 53 ዞን ስትፈጥሪ ሚኒመሙን 86400፣ ቲቲኤሉን 900 ያደርገዋል። ያነሰው 900 ነው። 900 ሰከንድ ስንት ደቂቃ ነው?

ሌሊት_ፈረቃ · ሰኞ፣ 5:47

15። ሩብ ሰዓት። ወይ ጉድ። አዎ፣ ፖዱን ነው ያስቀደምኩት። ሪከርዱን የፈጠርኩት ስህተቱን ካየሁ በኋላ ነው።

ዜሮ_ዳውንታይም · ሰኞ፣ 5:51

በቃ። ሁሌ ሪከርዱ ይቅደም። ስሙ ከተፈጠረ በኋላም ወዲያው አትሩጪ፣ ራውት 53 ለውጡን ለሁሉም ሰርቨሮቹ ለማዳረስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። የኤስኦኤውን ቲቲኤል ወደ 60 ማውረድም ትችያለሽ፣ እኔ የግል ዞን ላይ ሁሌም አወርደዋለሁ።

ሜሽ_አፍቃሪ · ሰኞ፣ 6:10

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሰርቪስ ፍለጋን ለዲኤንኤስ በመስጠታችሁ ነው። ኮንሰል የሚባለውን የሰርቪስ መዝገብ አስገቡ። ወይ ሰርቪስ ሜሽ (የሰርቪሶችን ግንኙነት ራሱ የሚመራ ሲስተም) አስገቡና ተገላገሉ።

ቡና_በኋላ · ሰኞ፣ 6:14

አስር ሰርቪስ ላለው ሰው ሜሽ ማስገባት ለአንድ ቁና ጤፍ ወፍጮ ቤት መክፈት ነው።

ጋሽ_ሞደም · ሰኞ፣ 6:33

ሜሽ አፍቃሪ፣ ኮንሰልን እወደዋለሁ። ግን እሱስ ሰው በምን ነው የሚጠይቀው? አብዛኛው በዲኤንኤስ ነው፣ ፖርት 8600 ላይ። ካልነካሽው ቲቲኤሉ ዜሮ ነው፣ ያ ጥሩ ነው። ጤናማ ያልሆነውን ከመልሱ ያወጣል፣ ያም በጣም ጥሩ ነው። የልጅቱ ኤንጂንኤክስ ግን ኮንሰልንም ቢሆን ሲነሳ አንድ ጊዜ ጠይቆ 41 ቀን ይተኛ ነበር። ፑሉም ያው ነው። ችግሩ ያለው መልስ ሰጪው ጋ አይደለም። መልሱን ሰምቶ ኪሱ የሚከተው ጋ ነው።

ዲኤንኤስ ዛሬ ያለው ቅርጹ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ በፖል ሞካፔትሪስ። ያኔ ማሽን ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ፖድ ከቁርስ እስከ ምሳ ሦስት ጊዜ ይሞታል። ካሹ የተሰራው ለዚያኛው ዓለም ነው፣ የምንኖረው በዚህኛው ነው።

አዲስ_ገቢ · ሰኞ፣ 7:05

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። እንዲያ ከሆነ ለምን ሁሉንም ቲቲኤል 1 ሰከንድ አናደርገውም? እርስዎም በሰላም ይተኛሉ።

ዜሮ_ዳውንታይም · ሰኞ፣ 7:22

እኔ ልመልስለት፣ በዚህ ተቃጥያለሁ።

አንድ ጥያቄ ስንት ጥያቄ እንደሆነ ታውቃለህ? ኩበርኔትስ ፖድ ውስጥ ግባና ሪዞልቭ ኮንፍን ክፈተው። መጨረሻው ላይ «ኤንዶትስ 5» ይላል። ስሙ ውስጥ ያለው ነጥብ ከአምስት ካነሰ፣ መጀመሪያ የፍለጋ ቅጥያዎቹን እየለጠፍክ ሞክር ማለት ነው።

«ሂሳብ.ቢሮ.ኢንተርናል» ስንት ነጥብ አለው? ሁለት። ስለዚህ አፑ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሂሳብ.ቢሮ.ኢንተርናል.ፕሮድ.ኤስቪሲ.ክላስተር.ሎካል» ብሎ ነው። የለም። ከዚያ ያለ «ፕሮድ»። የለም። ከዚያ «ክላስተር.ሎካል» ብቻ ለጥፎ። የለም። ከዚያ ከማሽኑ የወረሰውን የአማዞን ቅጥያ ለጥፎ። የለም። በአምስተኛው ነው እውነተኛውን ስም የሚጠይቀው። እያንዳንዱ ደግሞ ሁለት ነው፣ አንድ ለአይፒ 4፣ አንድ ለአይፒ 6። አስር ጥያቄ ለአንድ መልስ!

ስድስቱን ኮርዲኤንኤስ ራሱ ይመልሳል፣ «ክላስተር.ሎካል» የራሱ ቤት ስለሆነ። አራቱ ግን ካሹ ውስጥ ከሌሉ ወደ ቪፒሲው ሪዞልቨር ይወጣሉ። እዚያ ገደብ አለ፣ በአንድ የኔትወርክ ካርድ በሰከንድ 1024 ፓኬት። ገደቡን ማስጨመር አይቻልም። ካለፍከው ስህተት አይሰጥህም፣ ዝም ብሎ ይጥልብሃል። አፑ 5 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይጠይቃል። ደንበኛ «ሲስተም ዘገየ» ብሎ ይደውላል፣ አንተ ዳታቤዝ ትፈትሻለህ። እኔ ሁለት ሳምንት ዳታቤዝ ፈትሻለሁ። በዚህ ላይ ቲቲኤል 1 ብትለው ደግሞ አስበው።

መድኃኒቱ አንዲት ነጥብ ናት። ስሙን «ሂሳብ.ቢሮ.ኢንተርናል.» ብለህ መጨረሻው ላይ ነጥብ ብታደርግ ቅጥያ መለጠፉ ይቀራል። አስሩ ወደ ሁለት ይወርዳል። አንዳንድ ላይብረሪ መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጥብ ሲያይ የሰርተፊኬት ማጣራት ላይ ይንገዳገዳል፣ ሞክረህ እይ። ካልሆነ የፖዱ ዲኤንኤስ ኮንፊግ ላይ ኤንዶትስን ወደ 2 አውርደው። «ኖድ ሎካል ዲኤንኤስ ካሽ» የሚባለውም አለ፣ በየማሽኑ ላይ አንድ ካሽ ይቀመጣል፣ ትልቅ ክላስተር ላይ ያለሱ አልሰራም።

እኔ የግል ዞን ላይ 60 ነው የምጠቀመው። ከ30 በታች የወረድኩበት ጊዜ የለም።

ግርፒሲ_ተጎጂ · ሰኞ፣ 8:18

ክሩን ሳላበላሽ፣ ተያያዥ ነገር። እኛ ጋ በጂአርፒሲ (ሰርቪሶች እርስ በርስ የሚጠራሩበት መንገድ) የሚያወራ ሰርቪስ አምስት ፖድ አለው፣ አንዱ ብቻ ይቃጠላል፣ አራቱ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዲኤንኤሱ ለምን አያከፋፍልም?

ሦስት_ኩባያ_ጃቫ · ሰኞ፣ 8:30

ተራ ሰርቪስ ከሆነ ስሙ የሚሰጥህ አንድ አይፒ ነው፣ የሰርቪሱን። ማከፋፈሉ የሚደረገው ግንኙነት ሲከፈት ነው። ጂአርፒሲ ደግሞ አንዴ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ በዚያው ያወራል። ሄድለስ (የራሱ አይፒ የሌለው) አድርገው፣ «ክላስተር አይፒ»ን «ነን» (ምንም) በለው። ያኔ ስሙ የአምስቱንም ፖዶች አይፒ ይሰጥሃል። ደንበኛውን ደግሞ በዙር እንዲያዳርስ ንገረው፣ ካልነገርከው አሁንም አንዱን መርጦ ይቀመጣል። ፖርቱም የሚለያይ ከሆነ ኤስአርቪ ሪከርድ ጠይቅ፣ ስሙንም ፖርቱንም አብሮ ይነግርሃል።

ሜሽ_አፍቃሪ · ሰኞ፣ 8:41

ወይም ሜሽ።

አዲስ_ገቢ · ሰኞ፣ 9:10

እኔ ደግሞ የግል ዞን ፈጥሬ ምንም መልስ አጣሁ። ሪከርዱ አለ፣ ማሽኑ ግን አያየውም።

ዜሮ_ዳውንታይም · ሰኞ፣ 9:16

ዞኑን ማሽኑ ካለበት ቪፒሲ ጋር አያይዘኸዋል? ቪፒሲው ላይስ «ዲኤንኤስ ሪዞሉሽን» እና «ዲኤንኤስ ሆስትኔምስ» ሁለቱም በርተዋል? አንዱ ከጠፋ አይሰራም።

አዲስ_ገቢ · ሰኞ፣ 9:20

ሁለተኛው ጠፍቶ ነበር። ተባረክ።

ሌሊት_ፈረቃ · ሰኞ፣ 11:35

ተመለስኩ። ጃቫው ተስተካከለ። ያ ምንጩ ያልታወቀው ግን አሁንም አለ። በየሰዓቱ አንዴ ብቻ ይመጣል፣ ልክ ሰዓቱ ሲሞላ። ተከትዬ ደረስኩበት። የሪፖርት ስክሪፕት የሚሮጥባት ትንሽ አሮጌ ማሽን ናት። ኤንጂንኤክስ የላት፣ ጃቫ የላት፣ ፑል የላት። ስክሪፕቱ በየሰዓቱ እንደ አዲስ ይነሳል። እዚያ ገብቼ ዲግ ስል አዲሱን አይፒ ይሰጠኛል! ስክሪፕቱ ግን ወደ 10.0.4.17 ይሄዳል። አብጃለሁ?

ጋሽ_ሞደም · ሰኞ፣ 11:48

አላበድሽም። ዲግ በቀጥታ ወደ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ነው የሚሄደው። ፕሮግራም ግን መጀመሪያ ማሽኑን ይጠይቃል፣ ማሽኑ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያየው ሌላ ፋይል አለ። «ጌትኤንት ሆስትስ» ብለሽ ስሙን ጠይቂው። እሱ ፕሮግራሙ የሚያየውን ያሳይሻል። ከዚያ ሆስትስ ፋይሉን ክፈቺው።

ሌሊት_ፈረቃ · ሰኞ፣ 11:56

ጌትኤንት አሮጌውን ሰጠኝ። ሆስትስ ፋይሉን ከፈትኩት። ሁለት መስመር አለ። አንደኛው «10.0.4.17 ሂሳብ.ቢሮ.ኢንተርናል»። ከላዩ ኮሜንት አለ፣ «ለጊዜው፣ ዲኤንኤሱ እስኪስተካከል» ይላል። የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

መጨረሻው ላይ የጻፈው ሰው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አስቀምጧል። የኔ ናት።

ቡና_በኋላ · ሰኞ፣ 11:58

😂😂😂

ጋሽ_ሞደም · ሰኞ፣ ማታ 12:05

እኔ ያስቀመጥኩት «ለጊዜው» አሥራ አንድ ዓመት የሞላው አለ፣ አይዞሽ።

መስመሩን አጥፊው። አሮጌውን ማሽን ግን ዛሬ አትዝጊው። ሳምንት ይቆይ። በወር አንዴ፣ ደመወዝ ሲደርስ ብቻ የሚሮጥ ነገር ካላችሁ ወሩም ይሙላ። ሎጉ ባዶ ሲሆን ነው የሚዘጋው። ሪከርዱን ደግሞ በእጅ መቀየር ተዉ፣ በኮድ ይሁን፣ ማን መቼ እንደቀየረው ይታያል። ኮድ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የአማዞን የሰሜን ቨርጂኒያው ሪጅን የወደቀው የዳይናሞ ዲቢን (የአማዞን ዳታቤዝ) ዲኤንኤስ በሚያስተዳድረው አውቶሜሽን ነበር። ሁለት ፕሮግራሞች ተሽቀዳደሙ፣ የዘገየው አሮጌውን ዕቅድ በአዲሱ ላይ ጫነበት። ጽዳት የሚያደርገው ሲመጣ ደግሞ ያንን አሮጌ ዕቅድ ሰረዘው። ስሙ ያለ አንድም አይፒ ባዶውን ቀረ። ስለዚህ ኮዱም ቢሆን ባዶ መልስ ልጽፍ ነው ሲል ቆም ብሎ ሰው የሚጠይቅ ይሁን።

ሌሊት_ፈረቃ · ሰኞ፣ ማታ 12:20

መስመሩ ጠፋ። የ12 ሰዓቱ ሪፖርት ስላመለጠኝ በእጄ አስሮጥኩት፣ ወደ 10.0.9.31 ሄደ። አሮጌው ማሽን ዝም ብሏል። እኔ ልተኛ ነው።

አዲስ_ገቢ · ሰኞ፣ ማታ 2:40

እኛ ቤት ያለው ኤንጂንኤክስ ከተነሳ 212 ቀኑ ነው። ልንካው ወይስ ልተወው?